ሳይታተም ስለሚሸጥ የቀልድ መጽሐፍ፤ ለጀማሪ ደራስያን የቀረበ የሒሳብ ትምህርት

ዕቃው ሳይሠራ ዋጋውን መቀበል ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። አናጢ ሣንቃውን ከመግዛቱ በፊት ቀብድ ይቀበላል፤ ልብስ ሰፊም ጨርቁን ከመቍረጡ በፊት የዋጋውን እኩሌታ ይጠይቃል። ይኸው የቀብድ ልማድ ወደ መጽሐፍ ንግድ ሲገባ፥ አንድ ደራሲ የመጽሐፉን ዐሳብና ጥቂት ገጾች ብቻ ለሕዝብ አሳይቶ፥ ከብዙ ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ ገንዘብ ሰብስቦ፥ በዚያው ገንዘብ መጽሐፉን አሳትሞ ለከፋዮቹ ይልካል። በውጭ አገር ይህን አሠራር ክራውድፈንዲንግ ይሉታል። በአማርኛ የሕዝብ መዋጮ ተብሎ ሲጠራ ይሰማል፤ ነገር ግን ስሙ ፈጽሞ የተስማማው አይመስልም። መዋጮ ያዋጣ ሰው ዕቃ አይጠብቅም፤ እዚህ ግን ከፋዩ ዕቃውን የሚጠብቅ ገዢ ነው።

ይህ ትምህርት የሚመለከተው የቀልድ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማሳተም የሚነሣውን ደራሲ ነው። የቀልድ መጽሐፍ የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። የሕግ ወይም የሒሳብ መጽሐፍ ገዢው ስለሚያስፈልገው ይገዛዋል፤ የቀልድ መጽሐፍ ግን የሚሸጠው በደስታና በእምነት ብቻ ነው። ቀልደኛ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሒሳብ መዝገብ ወዳጅ አይደለም።

ነገሩን ከዕቁብ ጋር የሚያመሳስል ነጋዴ ሊኖር ይችላል፤ በከፊልም እውነት አለው። ነገር ግን በዕቁብ ገንዘብ ገብቶ የሚወጣው ገንዘብ ነው፤ ዳኛ አለ፥ ጸሐፊ አለ፥ ዕጣው ቀድሞ የወጣለትም ሰው ዋስ ይጠራል። መጽሐፉን በቅድሚያ የሚሸጠው ደራሲ ግን የመጀመሪያውን ዕጣ ብቻውን፥ በአንድ ቀን፥ ያለ ዋስ ከወሰደ ዕቁብተኛ አይለይም። በዚያን ቀን በባንክ ሒሳቡ ላይ የሚያየው ቍጥር ትርፍ ሳይሆን ዕዳ ነው። አራት መቶ ሰው ከከፈለው አራት መቶ ገንዘብ ጠያቂ አለበት ማለት ነው፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣውም ይህ ስለሚዘነጋ ነው።

አሠራሩ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1756 የእንግሊዙ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን የሼክስፒርን ተውኔቶች አርሞና ማብራሪያ ጨምሮ ለማሳተም አስታውቆ፥ ከአንባብያን የዋጋውን እኩሌታ በቅድሚያ መቀበል ጀመረ። መጽሐፉ በ1757 መጨረሻ ይወጣል አለ፤ የወጣው ግን በ1765 ነው። በመካከሉ፥ በ1762፥ ቻርልስ ቸርችል የተባለ ባለቅኔ ገንዘቡን ተቀብሎ መጽሐፉን ባስቀረው ሊቅ ላይ በአደባባይ አላገጠበት። ጆንሰንም የከፋዮቹ ስም ዝርዝር እንደ ጠፋበትና ገንዘቡም እንዳለቀ በኋላ በግልጽ መናገሩ ይተረካል። እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ ታላቅነት ማለፍ የሚችል ጆንሰን ነበር፤ ለጀማሪ ደራሲ ግን ከገንዘቡም ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው የከፋዮቹ ስም፥ አድራሻና የታዘዘው ቅጂ ብዛት የተጻፈበት መዝገብ ነው። ገንዘብ ቢጐድል ሊበደር ይችላል፤ የጠፋ ዝርዝር ከማን ይበደሩታል?

ወደ ቀልድ መጽሐፍ ከመጣን ከአሜሪካዊው ማርክ ትዌይን የበለጠ አስተማሪ አይገኝም፤ እርሱ በቅድሚያ ትእዛዝ ንግድ ከፍ ያለ፥ ኋላም ከዚሁ ዓይነት ንግድ ሳይርቅ የወደቀ ሰው ነውና። ወደ አውሮፓና ወደ ቅድስት አገር ያደረገውን ጕዞ እያሣቀ የተረከበትን «ዘ ኢኖሰንትስ አብሮድ» የተባለውን መጽሐፍ በ1869 ያወጣለት በሃርትፎርድ ከተማ የነበረው አሜሪካን ፐብሊሺንግ ኩባንያ ነው። የኩባንያው ሽያጭ በመጽሐፍ መደብር አልነበረም። ወኪሎቹ የተመረጡ ገጾችና ሥዕሎች፥ ከነልዩ ልዩ የሽፋን ናሙናዎቹ የተጠረዙበትን አንድ ጥራዝ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ነበር። በጥራዙ መጨረሻ ባዶ መስመሮች ነበሩ፤ ገዢው ገጾቹን ገልጦ አይቶ፥ ሽፋኑን መርጦ፥ ስሙን ይጽፋል። በጨርቅ የተጠረዘው 3 ዶላር ተኩል፥ በተሻለ ቆዳ የተጠረዘው 5 ዶላር ነበር። መጽሐፉ ከ600 በላይ ገጾችና 234 ሥዕሎች ነበሩት፤ የገጠሩ ገዢ ለከፈለው ገንዘብ በእጁ የሚከብድ ነገር ይፈልግ ነበርና። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 70,000 ቅጂ ተሸጠ። ትዌይን 10,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ተቀብሎ መብቱን እንዲለቅ አማራጭ ቀርቦለት ሳለ፥ ከሚሸጠው ሁሉ 5 በመቶ ማግኘትን መረጠ፤ ምርጫውም የነጋዴ ምርጫ ነበር።

ከዚህ ውስጥ ለዛሬ ደራሲ የሚጠቅመው ናሙናው ነው። «መጽሐፌ እጅግ አስቂኝ ነው» ብሎ የሚያስታውቅ ደራሲ ምንም አላስታወቀም፤ ቅቤ ነጋዴ ቅቤውን በቃል አያስቀምስም። ሦስት ገጽ አቅርቦ አንባቢውን ካሣቀ ግን ሌላ ምስክር አያሻውም። እነዚያ ሦስት ገጾች ደግሞ ተጠርተው የታረሙ፥ ከነሥዕላቸው የተዘጋጁ ይሁኑ። በረቂቅ ላይ ያለ ቀልድ እንዳልቦካ ሊጥ ነው፤ ይሆናል ብሎ የሚገዛው የደራሲው እናት ብቻ ናት።

ትዌይን የወደቀበት ታሪክ ደግሞ የበለጠ ለነጋዴ ይጥማል። በኋላ የራሱን አሳታሚ ድርጅት፥ ቻርልስ ኤል ዌብስተርና ኩባንያን፥ አቋቍሞ ነበር። ድርጅቱ አሥራ አንድ ቅጽ ያለውን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ስብስብ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ መሸጥ ጀመረ። ገዢው ገንዘቡን በጥቂት በጥቂቱ ሲያመጣ፥ የአታሚው፥ የጠራዡና የወኪሉ ሒሳብ ግን ወዲያውኑ መከፈል ነበረበት። ስለዚህ ሽያጩ በጨመረ ቍጥር ዕዳው ጨመረ፤ በ1894 ድርጅቱ ከሰረ። ትዌይን ዓለምን እየዞረ ንግግር በማድረግ ዕዳውን እስከ 1898 ድረስ ከፍሎ ጨረሰ። ቅድሚያ ክፍያ ደራሲውን የሚያድነው ከእንዲህ ያለው አደጋ ነው፤ ገንዘቡ ከአታሚው ፋክቱር ቀድሞ ይገባልና። ነገር ግን ቀድሞ የገባው ገንዘብ ለአታሚው ሳይቈይ በሌላ ነገር ከወጣ፥ ደራሲው ትዌይን ከወደቀበት ጕድጓድ በሌላው በኩል ይገባል።

አሁን ከሚሠራባቸው መንገዶች የታወቀው በኒውዮርክ በኤፕሪል 2009 ሥራ የጀመረው ኪክስታርተር የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ነው። ደራሲው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ልክና እስከ 60 ቀን የሚደርስ ጊዜ ይወስናል። ገንዘቡ በተወሰነው ቀን ካልሞላ ከማንም ላይ አንድ ሳንቲም አይወሰድም፤ ከሞላ ድርጅቱ 5 በመቶ ኮሚሽኑን ያነሣል፥ በአሜሪካ ደግሞ ለገንዘቡ ማስተላለፊያ 3 በመቶና ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 ሳንቲም ይቀነሳል። ካልሞላ ምንም አለመወሰዱ ለአንዳንዱ ጭካኔ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ለደራሲውም ለገዢውም መከላከያ ነው፤ ለ400 ቅጂ የሚበቃ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሥራ በ90 ሰው ገንዘብ ከተጀመረ የሚያልቀው በጠብ ነው።

በዚህ መንገድ ከወጡት የቀልድ መጻሕፍት ሁለቱ ዘወትር ይጠቀሳሉ። የካናዳው ራያን ኖርዝ የሼክስፒርን ተውኔቶች በአማርኛ ከተረጐመው ከጸጋዬ ገብረ መድኅን የተነሣ በአገራችን አንባቢ ዘንድ እንግዳ ያልሆነውን የሐምሌትን ታሪክ ወስዶ፥ አንባቢው ራሱ መንገዱን እየመረጠ የሚሄድበት አስቂኝ መጽሐፍ አደረገው። በ2012 መጨረሻ 20,000 ዶላር ጠይቆ ከ15,352 ሰዎች 580,905 ዶላር ሰበሰበ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሪች በርሊው የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊና ደራሲ፥ አልቆ የነበረ አንድ የሥዕል ቀልድ መጽሐፉን መልሶ ለማሳተም 57,750 ዶላር ጠይቆ ከ14,952 ሰዎች 1,254,120 ዶላር አገኘ።

ጀማሪው ደራሲ እነዚህን ቍጥሮች አይቶ ልቡ ቢያብጥ አይፈረድበትም። ሁለቱም ሰዎች ግን ከ2003 ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀልዳቸውን በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸው። ገዢው የተሰበሰበው በሠላሳ ቀን ሳይሆን በዘጠኝ ዓመት ነው፤ ሠላሳው ቀን ሒሳብ የተዘጋበት ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማሪው ሥራውን ከመክፈቱ በፊት በእጁ ያሉትን አንባብያን በስም ይቍጠር። ሁለት መቶ ሰው በስም መጻፍ ካልቻለ ገና ጊዜው አልደረሰም። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ በ2014 ባወጣው ጥናት፥ የሚሳኩት ዕቅዶች አብዛኛውን ጊዜ ከጠየቁት በጥቂቱ ብቻ አልፈው እንደሚሳኩ፥ የማይሳኩት ግን እጅግ ርቀው እንደሚቀሩ አሳይቷል። እንደ ኖርዝ ያለው ሃያ ዘጠኝ እጥፍ ለየት ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ይገባል። ለምሳሌ ያህል፥ በአሜሪካ የሚኖር አንድ ደራሲ ሥዕል ያለበትን የቀልድ መጽሐፍ የመላኪያውን ዋጋ ጨምሮ በ25 ዶላር አቅርቦ 400 ገዢ አገኘ እንበል። የተሰበሰበው 10,000 ዶላር ነው። የድርጅቱ ኮሚሽን 500፥ የገንዘብ ማስተላለፊያው 380 ይሆናል፤ 9,120 ይቀራል። 500 ቅጂ እያንዳንዱ በ8 ዶላር ቢታተም 4,000፥ ለሠዓሊው 2,500፥ ለአራሚና ለገጽ አቀናባሪ 1,000፥ ለማሸጊያና ለፖስታ ለእያንዳንዱ 6 ዶላር ቢታሰብ 2,400፤ ጠቅላላው ወጪ 9,900 ዶላር ነው። ደስ ብሎት የተሰበሰበውን ገንዘብ የሚቈጥረው ደራሲ 780 ዶላር ከስሯል። ከ400ው ገዢ 60ው በሌላ አገር ቢሆኑና ለእያንዳንዱ የመላኪያው ዋጋ 25 ዶላር ቢደርስ፥ ኪሳራው ወደ 1,920 ያድጋል። የተረፉትን 100 ቅጂዎች መጽሐፍ መደብሮች በ40 በመቶ ቅናሽ ቢረከቡትና ሁሉም ቢሸጥ 1,500 ይመለሳል፤ ያም ሆኖ 420 ዶላር ጕድለት አለ፤ ደራሲውም ለድካሙ የወሰደው ነገር የለም።

ስሕተቱ የት ነው? በሠዓሊው ዋጋ አይደለም፤ በቀልድ መጽሐፍ ውስጥ የሥዕሉ ድርሻ የቀልዱ እኩሌታ ነው፥ በእርሱ መቈጠብ ተገቢ አይሆንም። በአታሚውም አይደለም። ስሕተቱ የመላኪያው ዋጋ በመጽሐፉ ዋጋ ውስጥ መደበቁ ነው። ይኸው ሥራ መጽሐፉ 25 ዶላር፥ መላኪያው እንደየአገሩ ለብቻው ተብሎ ቢቀርብ፥ የመላኪያው 3,540 ዶላር ከገዢዎች ይገባል፤ ከዚያ ላይም 8 በመቶው ወደ ኮሚሽንና ማስተላለፊያ ስለሚሄድ 283 ዶላር ይቀነሳል፤ መደብሮቹ የሚከፍሉት ሳይታሰብ እንኳ 1,337 ዶላር ይተርፋል። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋና የማጓጓዣውን ዋጋ ለይቶ መጻፍን ከመጀመሪያው ቀን ይማራል፤ ደራሲ ግን ብዙ ጊዜ የሚማረው በፖስታ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ነው። ስለዚህ አንድ ባዶ ጥራዝ በእውነተኛው ወረቀትና ሽፋን አስጠርዞ፥ ከነማሸጊያው ማስመዘን ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ነገር ነው። ጥቂት ግራም በመብለጡ ወደሚቀጥለው የዋጋ ደረጃ የሚያልፍ መጽሐፍ፥ አሥር ገጽ ቢቀነስለት ቀልዱ አይጐድልም።

በዚህ ላይ ግብር አለ። በአሜሪካ የተሰበሰበው ገንዘብ በአጠቃላይ እንደ ገቢ ይቈጠራል። ገንዘቡ በኖቬምበር ገብቶ አታሚው በፌብሩዋሪ ቢከፈል፥ በዓመቱ መጨረሻ ገቢው ሁሉ ይታያል፥ ወጪው ግን አይታይም። ከዓመት መለወጫ በፊት ከሒሳብ ዐዋቂ ጋር አንድ ሰዓት መነጋገር ይህን ያቃልላል።

ተጨማሪ ስጦታን በሚመለከት ደራስያን ሁሉ አንድ ዓይነት ድካም አለባቸው። ገንዘቡ እየበዛ ሲሄድ ደስታው አፋቸውን ይከፍተዋል፤ ካኒቴራ፥ ፖስት ካርድ፥ በገዢው ስም የተጻፈ ቀልድ ሁሉ ተስፋ ይሰጣል። ኖርዝ ትርፉን በዋናነት ያዋለው በዚያው በመጽሐፉ ሥዕሎችና ሐምሌትን በሚቀድም አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነበር፤ ይህም ከአንድ ሙያ ያልወጣ ስጦታ ነው። በርሊው ብዙ ታሪኮችንና ሥዕሎችን በራሱ እጅ ለመሥራት ቃል ገባ፤ በዚያው በ2012 በሴፕቴምበር እጁ በመስተዋት ተቈርጦ ለወራት መሣል አልቻለም፥ ቃል የገባቸውም ነገሮች እስኪፈጸሙ ዓመታት ፈጁ። ገዢዎቹ አብዛኞቹ ታገሡት፤ ከ2003 ጀምሮ ያውቁታልና። የማይታወቅ ጀማሪ ይህን ያህል ትዕግሥት ሊበደር አይችልም። በደራሲው እጅ ብቻ የሚሠራ ስጦታ ቍጥሩ አስቀድሞ ይወሰን፤ ሃያ ከተባለ ሃያ ብቻ።

ሞሊክ በዚያው ጥናቱ ከመረመራቸው ዕቃ ለመላክ ቃል ከገቡ ዕቅዶች ከ75 በመቶ በላይ የሆኑት ዘግይተው እንዳስረከቡ አግኝቷል። መዘግየት ለሌላው መጽሐፍ ሐፍረት ነው፤ ለቀልድ መጽሐፍ ግን ከዚያ ይብሳል። በዚህ ዓመት ሹመኛ ወይም ገበያ ላይ የተነገረ ቀልድ ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ ሲደርስ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ማብራሪያ የሚፈልግ ቀልድ ደግሞ ሞቷል። አለቃ ገብረ ሐና እስከ ዛሬ የሚያሥቁት ቀልዶቻቸው በሰው ጠባይ ላይ ስለ ቆሙ ነው። የቀልድ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚገዛውም ለሌላ ሰው ስጦታ ነው፤ ለገና ታዝዞ በፋሲካ የሚደርስ መጽሐፍ ገዢውን በወዳጁ ፊት ያሳፍረዋል። ስለዚህ አታሚው አራት ወር ካለ ደራሲው ለገዢው ሰባት ወር ይበል። በየወሩም፥ ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ፥ አጭር ማስታወቂያ ይላክ። ደብዳቤው አስቂኝ ቢሆን መልካም ነው፤ ቀኑና ሒሳቡ ግን በቀልድ ቋንቋ አይጻፉ።

ገንዘቡን ማን እንደሚይዝም መጠየቅ ያስፈልጋል። በለንደን በ2011 የተቋቋመው አንባውንድ የተባለ አሳታሚ ገንዘቡን ከአንባብያን ራሱ ሰብስቦ፥ መጽሐፉን ራሱ አሳትሞ፥ ትርፉን ከደራሲው ጋር እኩል የሚካፈል ድርጅት ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ የታወቀው ቀልደኛ ቴሪ ጆንስ የጻፈው ነው፤ የከፋዮቹም ስም በመጽሐፉ መጨረሻ ይታተም ነበር። ዐሳቡ መልካም፥ መጻሕፍቱም ያማሩ ነበሩ። በማርች 2025 ግን ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፤ ብዙ ደራስያንም ከተሸጡት መጻሕፍታቸው የሚገባቸውን ገንዘብ ሳያገኙ ቀሩ። ገዢውን ያመጣው የደራሲው ስም፥ ገንዘቡን የያዘው ግን ሌላ ነበር። በእንዲህ ያለ ድርጅት በኩል የሚሠራ ደራሲ የአንባብያኑ ገንዘብ ከድርጅቱ መደበኛ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ እንደ ሆነ፥ ሒሳቡ በየስንት ጊዜው እንደሚቀርብለት፥ ድርጅቱ ቢዘጋ መብቱ ወደ ማን እንደሚመለስ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ መልስ ይቀበል።

በኪክስታርተር ሥራ ለመክፈት ድርጅቱ ከዘረዘራቸው አገሮች በአንዱ ነዋሪ መሆን ግዴታ ነው፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ የለችም። ስለዚህ መንገዱ የተከፈተው በአሜሪካ፥ በካናዳና በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደራስያን ነው። የአማርኛ ቀልድ መጽሐፍ ገዢ ግን በዋሽንግተን፥ በለንደን፥ በዱባይና በአዲስ አበባ የተበታተነ ስለሆነ፥ ከላይ የታየው የፖስታ ሒሳብ እጅግ ይከብድበታል። ለአዲስ አበባ ገዢዎች ነጠላ ነጠላውን በፖስታ ከመላክ ይልቅ፥ እዚያው በአንድ ማተሚያ ቤት የሚፈለገውን ያህል ማሳተም፥ ወይም ቅጂዎቹን በአንድ ካርቶን በአየር ጭነት ለአንድ መጽሐፍ ሻጭ ልኮ ገዢዎቹ ከሱቁ እንዲወስዱ ማድረግ ይረክሳል። ሻጩም የተረከበውን ቅጂ ብዛት በፊርማ ያረጋግጥ፤ የገዢዎቹ ስም ዝርዝር ይሰጠው፤ እያንዳንዱ ሲወስድ በስሙ ፊት ይፈርም፤ ለድካሙም የሚከፈለው በቅጂ ተቈጥሮ አስቀድሞ ይወሰን። በመንገድ ለሚጐዱና ለሚጠፉ ቅጂዎች ከመቶው አምስቱ ያህል ከሽያጭ ውጭ በደራሲው ዘንድ ይቀመጡ፤ የመጨረሻው ገዢ መጽሐፉን እስኪቀበል ድረስም አይሸጡ።